«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ስለሚባለው ተረት የቀረበ አስተያየት

ከአባቶች የተቀበልናቸው ተረቶችና ምሳሌዎች እንደ አሮጌ ብር ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ፥ ተቀባዩ ይቈጥራቸዋል እንጂ በላያቸው የተቀረጸውን መልክ ልብ ብሎ አይመለከትም። ከነዚህም አንዱ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰው በቀልድ ይናገረዋል፤ ሌላው ግን ለሥራ ምስጋና፥ ለሰነፍም ተግሣጽ የተነገረ አድርጎ ይጠቅሰዋል። በዚህ ጽሑፍ የተረቱን ትርጕም ከሥሩ ለመመርመር፥ በእርሱም ምክንያት ስለ ዕረፍትና ሰው በትርፍ ጊዜው ወድዶ ስለሚሠራው ሥራ ጥቂት ለመናገር አሰብሁ።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነው ነገር ይህ ነው። ባለፈው ክረምት በየካ ኮረብታ ሥር በሚገኝ አንድ ሰፈር፥ ከሰንበቴ ማኅበር ወጥተን ከጥቂት ሰዎች ጋራ ቡና ስንጠጣ፥ በመካከላችን አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነበረ። ይህ ወጣት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ክራቸው የተበጠሰ፥ ገበታቸው የተላቀቀ መጻሕፍትን ከየሰዉ እየተቀበለ ይጠርዛል። ዋጋ አይቀበልበትም፤ ሙያውንም ያገኘው አንድ ሽማግሌ ጠራዥ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጦ በመመልከት ነው። ይህን ሲያጫውተን፥ በዕድሜም በማዕርግም ከሁላችን የሚበልጡ አንድ አባት «ልጄ፥ ገንዘብ የማያስገኝ ሥራ ከሥራ መፍታት አይለይም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ እንጀራ ብትፈልግበት ይሻልሃል። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ሲባል አልሰማህምን?» አሉት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኛም ሽማግሌውን ስለምናከብር ዝም አልን። ለእኔ ግን ያ ዝምታ እየከበደኝ ስለ ሄደ፥ በዚያን ቀን ልናገረው የሚገባኝን ዛሬ ልጽፈው ተነሣሁ።

እንግዲህ ተረቱን እንመርምር። የቅኔ መምህራን ሰሙን ሳይለዩ ወርቁን መፈለግ እንደማይገባ ያስተምራሉና፥ አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። የተረቱ ኃይል የተመሠረተው «ፈታ» በሚለው በአንዱ ግሥ ላይ ነው። ይህ ግሥ በቋንቋችን ብዙ ሙያ አለው። ገበሬው በሬውን ከቀንበር ፈታ ይባላል፤ ዳኛው እስረኛውን ፈታ ይባላል፤ ካህኑ ንስሓ የገባውን ሰው ፈታ ይባላል፤ ልጁ እንቆቅልሹን ፈታ ይባላል፤ ባል ሚስቱን ፈታ ይባላል፤ ሥራውን የተወ ሰውም ሥራ ፈታ ይባላል። ተረተኛው ከነዚህ ሁሉ ሁለቱን መርጦ፥ ሥራ መፍታትንና ትዳር ማፋታትን በአንድ መሥመር አጋጠማቸው። ጆሮ በድምፁ መመሳሰል ደስ ሲለው፥ ልብ ግን የነገሩን ክፋት አይቶ ይደነግጣል፤ ባዶ እጁን መቀመጥ የፈራ ወላጅ ምንም ያልበደለውን የልጁን ትዳር ሊያፈርስ ይነሣልና።

ሁለተኛም የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። «ልጄን ላፋታት» የሚለው የመካሪ ቃል አይደለም፤ በሞኝ አፍ የተቀመጠ ቃል ነው። ተረተኛው ይህን ሰው አያመሰግነውም፤ እንዲናገር ይፈቅድለትና በገዛ ቃሉ እንዲፈረድበት ያደርገዋል እንጂ። በተረቶቻችን ይህ አነጋገር የተለመደ ነው። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ሲባል፥ የአህያይቱን ምክር ተቀብሎ ሰርዶውን ሊነቅል የሚወጣ ማንም የለም፤ ሁሉም ተናጋሪዋ እንደ ተነቀፈች ያውቃል። ታዲያ የልጁን ትዳር የሚያፋታውን ሰው ለምን እንደ መምህር አድርገን እንጠቅሰዋለን?

ሦስተኛም ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እንይ። ሥራ ያጣው ወላጁ ነው፤ ቤቷ የሚፈርሰው ግን ልጂቱ ናት። ስለዚህ የተረቱ ወርቅ «ከመቀመጥ ማናቸውንም ነገር መሥራት ይሻላል» ማለት አይደለም። ወርቁ «የዕረፍትን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፈው የማያውቅ ሰው ለሌላው ሰው ቤት አደጋ ነው» ማለት ነው። የሚያስቀው አነጋገሩ ነው፤ የሚያስጠነቅቀውም ይህ ነው።

ይህንም የምናገረው ቃሉን በመተንተን ብቻ አይደለም። አንድ አጎት ነበሩኝ። 30 ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ከማለዳ ቀድመው የሚነሡ፥ ከመሸ በኋላ የሚመለሱ ትጉህ ሰው ነበሩ። በበዓል ቀን እንኳ ወረቀት ለማሰናዳት እያሉ ይሄዱ ነበር። እኛም ልጆቹ ስለ ትጋታቸው ስንሰማ አደግን። ጡረታ በወጡ ጊዜ ግን በቤታቸው የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም። አትክልት አልተከሉም፤ መጽሐፍ ማንበብ አልለመዱም፤ በገናም ሆነ ገበጣ ነክተው አያውቁም፤ ከባልንጀራ ጋራ ተቀምጦ መጫወትም የሥራ ፈት ነገር ይመስላቸው ነበር። በመጀመሪያው ወር የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቈጠሩ። በሁለተኛው ወር የባለቤታቸውን ጓዳ መቈጣጠር ጀመሩ። ቀጥለውም በልጃቸው ትዳር መካከል ገብተው ያልነበረውን ነገር አስነሡ። በመጨረሻም ስለ አንድ ክንድ የማይሞላ የወሰን መሬት ከእኅታቸው ጋራ ተካሰሱ። ክሱ ሳያልቅ እርሳቸው አለፉ። ተረቱ የሚናገረውን ሰው ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ያየሁትም በገዛ ዘመዴ ቤት ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዕረፍትን ያስተማራቸው አልነበረም እንጂ።

በቀብራቸው ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ «ዐረፉ» ሲል ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከአሳቤ አልጠፋም። በቋንቋችን «ዐረፈ» ማለት ከድካሙ ተመለሰ ማለት ነው፤ በአክብሮት ሲነገር ደግሞ ሞተ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ፥ ሳንናገረው በልባችን ዕረፍት የሙታን ድርሻ፥ ድካም የሕያዋን ድርሻ ሆኖ የተቀመጠ ይመስለኛል። ዳሩ ግን ኦሪት ዘፍጥረት ይህን አያስተምረንም። በዚያ መጽሐፍ ዕረፍት የተጻፈው ሞት ገና ወደ ዓለም ሳይገባ ነው። በሰባተኛው ቀን ያረፈውም የሚደክም አልነበረም፤ ሥራው መልካም መሆኑን አይቶ ነው ያረፈው። እንግዲህ ዕረፍት የድካም መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የሥራ ፍጻሜና ማኅተም ነው። አባቶቻችንም ነገሩን ቀላል አድርገው አልተመለከቱትም፤ የቅዳሜን ሰንበት ከእሑድ ጋራ ስለ ማክበር ብዙ ዘመን ተከራክረው፥ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተሰብስበው እስከ መወሰን ደርሰዋል። ስለ አንድ የዕረፍት ቀን ይህን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ፥ ዕረፍትን ከስንፍና ጋራ አንድ ሊያደርገው አይገባም።

ሥራ መፍታትና ማረፍ የተለያዩ መሆናቸውን ከሥነ ጽሑፋችን ለማየት የሚፈልግ ሰው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመልከት። ይህ በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በንባብም፥ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮም ወደ ብዙ ቤት የገባ ስለ ሆነ ታሪኩን መድገም አያስፈልግም። ብዙ አንባቢዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያዩት ትዕቢትን ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በፊታውራሪው ቤት ሌላም ጉድለት አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ትርፍ ጊዜ የሞላላቸው ሰው ናቸው፤ የሚያርሰው ሌላ፥ የሚያበስለው ሌላ፥ የሚያገለግለው ሌላ ነው። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ እርሳቸው ዕረፍት ያጣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ባዶውን ሰዓት በዘር ቈጠራና በክብር ነገር ይሞሉታል፤ ከዚያም የተነሣ ከገበሬው ከልማድ ያለፈ ግብር ሲጠይቁ ገበሬው ይነሣባቸዋል፤ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌልም የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ ዕድሜዋ ያልፋል። የተረቱ ወላጅ ልጁን ያፋታል፤ እኒህ ደግሞ ልጃቸውን እንዳታገባ ያደርጓታል። መንገዱ ቢለያይም ምንጩ አንድ ነው፤ የሚወድዱት ሥራ የሌላቸው ሰው በሌላው ሕይወት ላይ ሥራ ያበጃሉ።

በዚያው ቤት ውስጥ ግን አንድ ሌላ ሰዓት አለ፤ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምርበት ሰዓት ነው። ለርስት አይጠቅምም፤ ግብር አያስገባም፤ ለጦርነትም አይረዳም። ፊታውራሪውም እንደ ትንሽ ነገር ቈጥረው የፈቀዱት ይመስላል። የመጽሐፉ ሕይወት ሁሉ ግን የሚፈልቀው ከዚያች ጸጥ ካለችው የትምህርት ሰዓት ነው። ደራሲው ይህን በስብከት አልነገረንም፤ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን አኑሮ ፍርዱን ለእኛ ትቶልናል። ስለዚህም በጥበቡ እናመሰግነዋለን።

ከልብ ወለዱ ወደ ታሪክ ስንመለስ፥ ምስክሩ ከራሳችን ተራራ አይርቅም። የዛሬው የካ በሥሩ የተዘረጋበት የእንጦጦ ተራራ፥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው ነበረ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ስለሚደርስ ለጠባቂ ይመቻል፤ ነገር ግን ብርድና ነፋስ የበዛበት፥ ማገዶና ስንቅም የሚያስቸግርበት ነበረ። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ በየጊዜው ወደ ታች፥ ወደ ፍል ውኃው እየወረደ ይታጠብና ያርፍ ነበር። ጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የምኒልክ ታሪክ እንደሚተረከው፥ በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል ለመታጠብ ወርደው ሳሉ የቦታውን ማማር አይተው ቤት መሥሪያ ለመኑ፤ የአዲሱም ሰፈር ስም አዲስ አበባ ተባለ። በዚያው ዓመት ምኒልክ ወደ ሐረር ዘመቱ። ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምንኖርበት ከተማ የተወለደው ከዘመቻው ሳይሆን ከመታጠቢያው ነው። በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፥ ከታች ያለው የዕረፍት ሰፈር ላይኛውን የጭንቀት ከተማ ሊተካ ተቃርቦ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ጣይቱ ለመታጠብ ሲወርዱ ከተማ ለመቈርቈር ብለው አልወረዱም። ተጨንቆ የሚፈልግ ሰው ሳያገኘው የሚቀረውን ነገር፥ ያረፈ ዓይን ያየዋል። ይህን የቅኔ ተማሪዎች ያውቁታል። መምህሩ ቅኔ ነግሮ ካሰናበታቸው በኋላ ተማሪዎቹ ተለያይተው በየዛፉ ሥር ብቻቸውን ይቀመጣሉ። መንገደኛ ያያቸው እንደ ሆነ ሥራ የፈቱ ሊመስሉት ይችላሉ፤ እነርሱ ግን ቅኔ እየቈጠሩ ነው።

በዚህ ቦታ ላይ አንባቢ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መታጠብና ማረፍ የነገሥታት ነገር ነው፤ ድኻ ምን ዕረፍት አለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በዚያው ተራራ ላይ በዓይን የሚታይ ነውና። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ረኃብ አዳናት፤ ነገር ግን የባሕር ዛፉ ቅጠልና ጭራሮ ወደ ከተማ የሚወርደው በሴቶች ጀርባ ሆነ። ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሸክም አዝለው፥ ጐንበስ ብለው ቍልቍለቱን የሚወርዱ እናቶችን ያላየ የዚህ አገር ሰው የለም። በ2013 ዓ.ም. በእንጦጦ ላይ ሰፊ መናፈሻ ተከፈተ፤ ብዙ ሰውም ንጹሕ አየር ለመቀበል ይወጣል። አንዱ ለጤናው እየሮጠ ሲወጣ፥ ሌላይቱ ለእንጀራዋ ተሸክማ ስትወርድ በአንድ ዳገት ላይ ተገናኝተው ይተላለፋሉ። ስለ ዕረፍት የሚጽፍ ሰው ይህን እንዳላየ ሆኖ ቢያልፍ ጽሑፉ ግብዝነት ይሆንበታል።

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ «እንግዲያስ ማንም አይረፍ» የሚል አይደለም። ሕገ ኦሪት ሰንበትን ሲያዝዝ ለባለቤቱ ብቻ አላዘዘም፤ ለወንድና ለሴት አገልጋይ፥ ለመጻተኛው፥ ለበሬውና ለአህያውም ጭምር አዘዘ እንጂ። ይህም ዕረፍት ለባለጸጋ የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን ለፍጥረት ሁሉ የሚገባ መብት መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የራሱን ዕረፍት የሚያከብር ሰው የሠራተኛውን፥ የሞግዚቲቱን፥ የዘበኛውን ዕረፍት ሊያከብር ግድ ነው። በሌላው ድካም ላይ የተዘረጋ ዕረፍት የፊታውራሪ መሸሻ ዕረፍት ነው።

ደግሞም ድኻው ሕዝባችን ዕረፍትን ከእኛ አልተማረም፤ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ማገዶዋን አውርዳ የሸጠችው እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤቶቿን ጠርታ ቡና ታፈላለች። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪባል ድረስ ማንም አያስቸኩላትም። እጇም ባዶ አይደለም፤ አክርማና ስንደዶ ይዛ መሶብ ትሰፋለች፥ ወይም እንዝርቷን ታሾራለች። የመሶቡን ሐረግ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም እንድታስጌጥ ያዘዛት የለም፤ እንጀራው በጌጡ ምክንያት አይጣፍጥም። እርሷ ግን ደስ ስለሚላት ታስጌጠዋለች። የተማረ ሰው ዛሬ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እያለ በረዥም ስም የሚጠራው ነገር ይህ ነው። ከማገዶ ተሸካሚዎቹም ጥቂቶቹ ኋላ ሸክሙን ትተው በማኅበር ሆነው መፍተልና መሸመን ጀምረዋል። በቡና ሰዓት እጅ የለመደው ሙያ ከሸክም ያወጣበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ «ጨዋታ» የሚለው ቃል የገበጣውንም ጨዋታ፥ የቡናውንም ወግ በአንድነት ይሰበስባል።

ጨዋታን ካነሣን የገናውን ጨዋታ መርሳት አይገባም። በልደት በዓል ሰሞን ወጣቱና ጎልማሳው በሁለት ወገን ተከፍሎ፥ በቈልማማ ዱላ የእንጨት እሩር እየመታ በሜዳው ላይ ይሯሯጣል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በሜዳ ላይ እኩል ናቸው፤ ጌታው ቢመታ እንዳይቈጣ የታወቀ ሥርዓት ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ ሰው በማዕርጉ ይኖራል፤ በጨዋታው ቀን ግን ሰውነቱ ብቻ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ የትሕትና ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ጨዋታ በልጅነታቸው ከተጫወቱት አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገደማ ሮጦ የማራቶንን ድል ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዳገኘ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ስለ እርሱ የሚጻፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ላይ ይቆማል። እኔ ግን ከሁለቱ ድሎች ይልቅ የኋለኛው ዘመኑ ያስደንቀኛል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ምክንያት እግሮቹ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ሥራው በእግሩ ነበረና ሥራው ሁሉ በአንድ ሌሊት ተወሰደበት። ሥራውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እንደ አጎቴ በሆነ ነበር። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ኳስ መጫወት ያዘ፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ከሌሎች ጋራ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት በተጠራ ጊዜም ተመልካች ሆኖ መቀመጥን አልወደደም፤ ውሾች በሚስቡት የበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ አገር የተወለደ፥ እግሩን ያጣ ሰው በበረዶ ላይ ሲሽቀዳደም አስቡት! በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ስለ እርሱ ሲሆን ይህ ቃል አይከብደኝም፤ ከመሞቱ በፊት መጫወትን ያውቅ ነበርና።

እንግዲህ መልካሙን የትርፍ ጊዜ ሥራ ከከንቱው በምን እንለየዋለን? አንደኛ፥ ሰውን ወደ ሥራውና ወደ ቤተ ሰቡ የሚመልሰው መሆን አለበት። ከእርሱ በኋላ ሰኞ የሚከብድ ከሆነ ያ ዕረፍት ሳይሆን ሌላ ድካም ነው፤ መጠጥና ቍማር ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛ፥ ዕዳውን ሌላ ሰው የማይከፍለው መሆን አለበት። የሌላውን ስም እያነሡና እየጣሉ መዋል ገንዘብ አያስወጣም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን በሌለበት የሚታማው ሰው ነው። ሦስተኛ፥ ተመልካች ባይኖርም የሚወደድ መሆን አለበት። በዘመናችን ብዙ ሰው የዕረፍቱን ሰዓት የእጅ ስልኩን በማየት ይፈጀዋል፤ አትክልት የተከለ እንደ ሆነም ከአትክልቱ ይልቅ የአትክልቱን ሥዕል ለሰው ለማሳየት ይቸኵላል። እጁን ያሳረፈ ይመስለዋል፤ ልቡ ግን ከሰው ምስጋና ሲለምን ይውላል። ሰፊዋ እናት በመሶቧ ላይ የሠራችው ሐረግ ከዚህ ልመና ነጻ ነው።

ወደ ሽማግሌው ቃል እመለሳለሁ። የተናገሩት ከክፋት አይደለም። ኑሮ በከበደበት ከተማ ውስጥ ወጣት እንዳይራብ የሚያስብ አባት ይህን ቢመክር አይፈረድበትም፤ ሥራን የሚንቅ ሰውም ዕረፍትን አያገኛትም፤ ሥራ የሌለው ከምን ያርፋል? ነገር ግን የጠቀሱት ተረት ለእርሳቸው አሳብ ምስክር አይሆንም፤ ይልቁንም ለወጣቱ ይመሰክርለታል። ተረቱ የሚዘልፈው መጽሐፍ የሚጠርዘውን ሰው አይደለም። የሚዘልፈው መጽሐፍ መጠረዝን፥ ወይም ይህን የሚመስል አንድ ነገር ስላልተማረ ወደ ልጁ ቤት የሚሄደውን ሰው ነው። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሁሉ ልጆችን ለእንጀራ የሚሆን ሙያ ሲያስተምሩ፥ ለደስታ ብቻ የሚሆን አንድ ሙያም አብረው ቢያስተምሩ፥ ጡረታ በመጣ ጊዜ፥ ወይም ሥራ በጠፋ ጊዜ፥ ወይም እግር በከዳ ጊዜ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም።

ከዚያ ከቡናው ቀን በኋላ ጥቂት ሳምንት ቈይቼ ወደ ወጣቱ ቤት ሄድሁ። ከአጎቴ ዕቃ መካከል ለእኔ የደረሰኝን አንድ አሮጌ ዳዊት ይዤ ነበር፤ ገበታው ተላቆ፥ ቅጠሎቹ ከክሩ ወጥተው ነበር። ተቀብሎኝ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየቈጠረ አስተካከላቸው፤ የጎደለ ግን አልነበረም። ዋጋውን ብጠይቀው ፈገግ ብሎ «ጋሼ፥ ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል» አለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስመለስ ተጠርዞ ጠበቀኝ። በዚያ በቡናው ላይ ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱ ግን ነገሩን ረስቶት ነበር። ዳዊቱን ዛሬ ስገልጠው ቅጠሎቹ አይበተኑም።